መብራት ሲጠፋ ጨረቃ

ማታ መብራት ጠፋ። ስልኬም ሞቷል። ምን ላድርግ? የወንድሜን ባይናኩላር ይዤ ሰገነት ላይ ወጣሁ።

ጨረቃ ሙሉ ናት። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ክርኔን የውሃ ታንከሩ ላይ ደገፍ አድርጌ አየኋት። ደቡብ ጫፏ አካባቢ አንዲት ደማቅ ነጥብ አለች፤ ከእሷ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነጫጭ መስመሮች ተረጭተዋል። ዱቄት ላይ ድንጋይ የወደቀ ነው የሚመስለው።

ታይኮ ናት። ስሟ ከዴንማርካዊው የከዋክብት ተመራማሪ ከታይኮ ብራሄ የመጣ ነው። ነጥብ አልኩ እንጂ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የምትሰፋ ጉድጓድ ናት፤ ጥልቀቷም 5 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የተኙባቸው ጉድጓዶች ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው። ይቺን የቆፈራት ግን ከሰማይ የወደቀ አለት ነው፣ የዛሬ 108 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ለጨረቃ ይሄ ትናንት ነው። መስመሮቹ ያኔ የተረጨው ፍርስራሽ ናቸው፤ አንዳንዱ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

መሐሏ ላይ ደግሞ ተራራ አለ። በግጭቱ የተደቆሰው መሬት መልሶ ሲነሳ የቆመ፣ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ። ጫፉ ላይ ከ100 ሜትር በላይ የሚሰፋ ቋጥኝ ጉብ ብሏል! እኔ ተራራውን አላየሁትም። ጨረቃ ስትሞላ ጥላ ስለሌለ ሁሉም ለጥ ያለ ይመስላል።

እማዬ "ብርድ ይመታሻል፣ ውረጂ" ልትል መጥታ ባይናኩላሩን ነጠቀችኝ። ዝም ብላ ቆየች።

"ውይ፣ ፈንጣጣ የያዛት ነው የምትመስለው" አለች።

መብራት ሲመጣም አልመለሰችልኝም።