ሚኒሞ የማይጠብቅ ሞተር፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋ ሮቢት

አጎቴ የግብርና ሠራተኛ በነበሩበት ዘመን ገጠሩን ያካለሉበት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ እኛ ግቢ ለዓመታት ቆሞ ነበር። ዘንድሮ ከሸዋ ሮቢት ደውለው "ሞተሬን አምጣልኝ" አሉኝ። አይሱዙ ላይ አስጭኜ መላክ እችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሞተር በራሱ ጎማ ባለቤቱ ጋ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሞተሩ ይነሳል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይሄዳል። እጅ ሲነሳለት ግን ቀጥ ይላል። ሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጡት በራሱ በዝግታ መዞር፣ የሚባል ነገር የለውም። ያየው ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፦ "ሚኒሞውን ከፍ አድርግለት።" በዚህ አልስማማም። የሚኒሞዋ ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) የምትሠራው ጋዙ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ስታጠብቃት ሞተሩ አይጠፋም፤ በሽታው ግን እዚያው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጋዝ ለቀህ እንኳ ሞተሩ ወደፊት ይገፋሃል።

ጋዙ ሲዘጋ ሞተሩ ቤንዚን የሚያገኘው በሚኒሞ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ባላት ትንሽ ቁራጭ) በኩል ብቻ ነው። የጄቷ ቀዳዳ እንደ ፀጉር ቀጭን ናት። ቤንዚን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። መጀመሪያ የሚደፈነው ያ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ሚኩኒ የሚባለውን ካርቡሬተር አውርደን ፈታነው። ሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ይዟል። ጄቷን ወደ ፀሐይ አድርጌ አየኋት፤ ብርሃን አታሳልፍም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሽቦ ያነሳል። እባካችሁ ሽቦ አታስገቡ! ጄቷ ነሐስ ናት፤ ለስላሳ ነች፤ ቀዳዳዋ ከሰፋ በኋላ ልኳን አታገኙትም። በማጽጃ ዘፍዝፈን በኮምፕሬሰር ነፋናት። ብርሃኑ ክብ ሆኖ ሲታይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ቀጥሎ የቤንዚንና የአየሩን ቅልቅል የምታስተካክለው የአየሯ ቪቴ። አቀማመጧን ማወቅ ያስፈልጋል። ቪቴዋ በአየር ማጣሪያው በኩል ካለች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ስትፈታ ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ማለትም አየሩ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ካለች ቤንዚን ነው የምትቆጣጠረው፤ ስትፈታ ይወፍራል፣ ማለትም ቤንዚኑ ይበዛል። የዲቲዋ የአየር ናት። በቀስታ እስከ ጥግ አጥብቀን አንድ ዙር ተኩል መለስናት። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ጠበቅን። ከዚያ ድምፁ ከፍ እስከሚልበት ድረስ በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያዞርን ፈለግናት፤ ከፍ ሲል ሚኒሞውን ዝቅ፣ እንደገና አየሯን። መሪውን ወደ ግራና ቀኝ አጠፍኩት፤ ድምፁ አልተለወጠም፤ የጋዙ ገመድ አልተወጠረም ማለት ነው።

ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን በሰላም አለፍኩ። ወደ ደብረ ብርሃን ስቃረብ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ። ከተማው ውስጥ ስቆም ሚኒሞው እየተንገዳገደ ሞተሩ ጠፋ። መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈተው አሳዩኝ። ጥቁርና እርጥብ ነው።

"ከየት መጣህ?"

"ከአዲስ አበባ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሞተሩ አልታመመም። አየሩ ነው የሳሳበት።"

አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ሲቀንስ ካርቡሬተሩ አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደለመደው ይሰጣል። ጋሼ ካንዴላውን ጠርገው የአየሯን ቪቴ ጥቂት ፈቱላት። ድምፁ ወዲያው ጠራ። "ስትወርድ መልሳት" አሉኝ።

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ እዚያ አለ። ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ መብራት አብርቼ በዝግታ አለፍኩ። ቁልቁለቱ ላይ የምነግራችሁ አንድ ቁም ነገር አለ። ይህች ሞተር ባለ ሁለት ምት ናት፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብራ ታቃጥላለች። ዘይቷን የሚሰጣት ያማሃ ከ1964 ጀምሮ ገበያ ያወጣው ኦቶሉብ የሚባለው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ ከጋዙ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት ከወረድክ ፒስተኑ የሚደርሰው ዘይት ትንሽ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮን ይዤ በየመሃሉ ጋዝ እሰጣት ነበር። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝቼ ሞተሩ እስኪበርድ አረፍኩ።

ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል። ሚኒሞው አሁን የተገላቢጦሽ ሆነ፦ ጋዝ ስለቅ ድምፁ ከላይ ይንጠለጠላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ቅልቅሉ መሳሳቱ ነው። የአየሯን ቪቴ መለስኩ። ተሻለ፤ ግን አልዳነም።

አጎቴ ምንም ሳይሉ አጎንብሰው ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን የሚያገናኘውን ላስቲክ በጣታቸው ጠመዘዙት። ከሥር በኩል ተሰንጥቋል። ትርፍ አየር በዚያ ይገባ ነበር። ደጋው ላይ ቅልቅሉ ወፍራም ስለነበረ ስንጥቁ ተሸፍኖ ቆይቷል፤ ቆላ ሲወርድ ተጋለጠ። በዚህ ምክንያት ነው ቪቴ ከመነካቱ በፊት ላስቲኩ ይታይ የምለው።

ለጊዜው በደንብ አሽገን አሰርነው። ሞተሩ ግቢው ውስጥ ቱፍ ቱፍ እያለ ብቻውን ቆመ። አጎቴ ግን ሊነዱ አልቸኮሉም። የሚኒሞዋ መስተካከል ብዙ ጋዝ ሲሰጥ ቤንዚን ለሚያሳልፈው ለትልቁ ጄት ዋስትና አይደለም፤ ለደጋ የተለካ ትልቅ ጄት ቆላ ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ይሳሳል፣ ፒስተንም ሊያስነክስ (ሲሊንደሩ ውስጥ ሊያጣብቅ) ይችላል። አዲስ ላስቲክና አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጄት እስክልክላቸው ድረስ ከግማሽ ጋዝ በላይ እንደማይሰጡ ቃል ገቡልኝ። እኔም በማግስቱ በአውቶቡስ ተመልሼ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው።