የዌምብሌይ ምሽት በቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ፣ ሐምሌ 5 ቀን

ዛሬ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው፤ የሰኔ ጾምም ተፈትቷል። እንግዶቻችን ዝናቡ ጋብ ሲልላቸው «ባጃጅ ሳይጠፋ እንድረስ» ብለው ስለተነሡ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ወንድም ጋሼና የእሱ ልጅ ነበርን፤ በየዓመቱ በዚህ ቀን እንደምናደርገውም የኩዊንን ኮንሰርት ከፍተን ተቀመጥን። ቀኑን የመረጥነው እንዲሁ አይደለም። ይህ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ያቀረበውና በቪዲዮ የተቀረጸው ትልቁ ትርኢት የተካሄደው እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1986 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ቀን 1978 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ለእኛ ቤት ስለዚህ በዓሉ ሁለት ነው።

መጀመሪያ ያየነው በካሴት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የቪኤችኤስ ካሴት ከቅጂ ላይ ተቀድቶ ነው እጃችን የገባው፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዩ ቀለም ከልብሱ ጠርዝ አልፎ ይፈስሳል፣ ትንሽ ከታየ በኋላም ነጫጭ መስመሮች ከታች እየወጡ የባንዱን ዘፋኝ የፍሬዲ መርኩሪን ፊት ይሸፍኑታል። ያን ጊዜ ወንድም ጋሼ የዴኩን ክዳን ይፈታና በአልኮል ባራሰው ጨርቅ «ሄዱን»፣ ማለትም ምስሉን ከካሴቱ ላይ የሚያነበውን ክፍል፣ ወደ ጎን ብቻ፣ በጣም ቀስ እያለ ይጠርጋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተጠረገ እንደሚሰበር ስለሚያውቅ ሌላ ሰው እጁን እንዲሰድ አይፈቅድም ነበር። ካሴቱ ትርኢቱን በሙሉ የያዘ አልነበረም፤ ብዙ ዘፈኖች ተቆርጠው ወጥተዋል። ሙሉው በዲቪዲ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንድ ዘመዳችን ዲስኩን ሲያመጡልን ለዓመታት የምናውቀው የመሰለን ምሽት ከግማሽ በጥቂት የሚበልጥ እንደነበር ተረዳን። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር ያለው ጊዜ፣ መርኩሪ ውኃ የሚጠጣበት፣ ከሕዝቡ ጋር የሚጨዋወትበት፣ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ጊዜ ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ኮንሰርት በቪዲዮ የምወደው ለዚህ ነው፤ አልበም ሥራውን ሲያሰማ ቪዲዮው ሠራተኛውን ያሳያል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚይዘኝ ብርሃኑ ነው። የእኛ ፀሐይ ክረምትም ሆነ በጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ትገባለች፤ በለንደን ግን በጁላይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ቀን ነው። ባንዱ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለዚህ ገና አልመሸም፤ በላያቸው የተንጠለጠለው ያ ሁሉ መብራት ብዙም አይረዳቸውም፣ ጭሱም አያስደንቅም፣ መሬት ላይ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። አንዷ በሰው ትከሻ ላይ ወጥታለች፣ አንዱ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ይመለከታል። አራት ሰዎች ይህን ሁሉ ሕዝብ ያለ ጨለማ እርዳታ መያዝ ነበረባቸው፤ መርኩሪ ቢጫ ጃኬቱን ለብሶ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጠው ለዚህ ይመስለኛል። ዘፈን በዘፈን እየመሸ ሲሄድ መብራቱ ጉልበት ያገኛል፣ ፊቶቹም አንድ በአንድ ከዓይን ይጠፋሉ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ግማሽ ያደንቃል፤ የእኔ ልብ ግን ገና ባልመሸው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው።

ከዚያ ድምፁ። መርኩሪ መሣሪያዎቹን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ብቻውን ከሕዝቡ ጋር የሚቀባበልበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ማንም ሊደግመው የሚችል አጭር «ኤ…ኦ» ያወርዳል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ቀጥሎ ትንሽ ያስረዝመዋል፣ ይሰብረዋል፣ ያጥፈዋል፣ ከላይ ወደ ታች ያንሸራትተዋል፤ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ይከተለዋል። በእኛ ሠርግ ላይ ጥሩ አውራጅ ተቀባዮቹን እንዴት እንደሚመዝን ያየ ሰው የሚሆነውን ወዲያው ይገነዘባል፤ ከአቅማቸው ጥቂት የሚበልጥ እንጂ የሚያሳፍራቸው ነገር አይሰጣቸውም፣ ሲሳካላቸውም ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ የራሱ ሲሳካለት ከሚታየው ይበልጣል። ወንድም ጋሼ ዛሬም እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለ፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፁን ቀንሼ ነበር፣ ነገር ግን መልሼ ከፈትኩት።

ይህ ድምፅ ግን ማለቂያ የሌለው ሀብት አልነበረም፤ መርኩሪም ይህን ያውቃል። በአልበሞቹ ላይ በቀላሉ የሚወጣቸውን ከፍተኛ ኖታዎች መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አይነካቸውም፤ ዜማውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል፣ ላይኛውንም ለከበሮ መቺው ለሮጀር ቴይለር ይተውለታል። ወጣት ሳለሁ ይህ ቅር ያሰኘኝ ነበር፤ ዛሬ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጉሮሮውን የት ላይ እንደሚያተርፍና የት ላይ እንደሚያወጣው ሲያስብ ይታያል። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» በሚለው ዘፈን ላይም እንዲሁ ነው። በስቱዲዮ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደራረበ የተሠራውን የኦፔራ ክፍል አራት ሰዎች በመድረክ ላይ ሊዘፍኑት አይችሉም፤ ስለዚህ ያንን ክፍል ከቴፕ ያሰማሉ፣ እነሱም መድረኩን ለቅቀው ይወጣሉ፣ ከባዱ የጊታር ክፍል ሲጀምር ተመልሰው ይገባሉ። የምንችለውን እንጫወታለን፣ የማንችለውን የምንችል አንመስልም የሚል አሠራር ነው፤ አንዳንድ ሰው ይህን ማታለል ይለዋል፣ እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ብራያን ሜይ የሚጫወትበት ጊታር በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በቤት ውስጥ የሠራው ነው፤ አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ተጠርቦ ነው የወጣው፣ ክሮቹንም የሚመታው በፕላስቲክ ሳይሆን በስድስት ፔንስ ሳንቲም ነው። ካሜራው ሲቀርበው ሳንቲሙ በጣቶቹ መካከል ይታያል፤ ድምፁ ላይ ያለውን ያንን ትንሽ መፋቅም ጆሮ ለሰጠ ሰው ይሰማል። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ በቁምጣ እየዘለለ ሁሉን ነገር ይሸከማል።

ስለ ዌምብሌይና ስለ ኩዊን ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ግን ከዚህ በፊት በነበረው ዓመት እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 በዚያው ስታዲየም የተካሄደውን ላይቭ ኤይድን ነው። ኩዊን ያኔ የተጫወተው 21 ደቂቃ ያህል ነው፤ በሮክ ታሪክ ከታዩት የመድረክ ሥራዎች ሁሉ የላቀ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አልከራከርም። ነገር ግን ያ ኮንሰርት የተዘጋጀው ለእኛው አገር ረሃብተኞች ነበር። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1984 ከኮረም ያሠራጩት ዘገባ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የእንግሊዝን ሙዚቀኞች አሰባሰበ፣ ኮንሰርቱም ተከተለ። በዚያ ቀን በትርኢቱ መካከል የተራቡ ሰዎቻችን ምስል በስታዲየሙ ስክሪን ላይ በዘፈን ታጅቦ ታይቷል።

እናቴ የወሎ ሰው ነበረች። ያንን ምስል በቴሌቪዥን ባየች ቁጥር ወደ መስኮቱ ቀርባ እያንዳንዱን ፊት ትመረምር ነበር፤ የምታውቀው ሰው ይኖር እንደሆነ ትፈልጋለች። አልቅሳ አታውቅም፣ ነገር ግን ምስሉ ሲቀየር «ቶሎ አሳለፉት» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ላይቭ ኤይድን ስመለከት፣ ሙዚቃው የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ከተመልካቹ መካከል አይደለሁም፤ ስክሪኑ ላይ ካሉት ወገን ነኝ። ለተሰበሰበው ገንዘብ፣ ሳይከፈላቸው ለተጫወቱት፣ ዝናብና ፀሐይ ሳይሉ ለቆሙት ሰዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ይሁን እንጂ ሙዚቃ ስሰማ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ከሌላው ጋር ማጨብጨብ እፈልጋለሁ፣ ይህንንም የምችለው የ1986ቱ ላይ ነው። በ«ራዲዮ ጋጋ» ላይ ያ ሁሉ እጅ በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ሲጨበጨብ የእኔም እጅ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ የሚያዝንልኝም የማዝንለትም ሰው የለም።

እንዲህም ሆኖ የ1986ቱ ምሽት ፈጽሞ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከመካከሉ ላይ ሜይ ጊታሩን ቀይሮ ከመርኩሪ ጋር ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ «ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ» በሚለው ዘፈን መርኩሪ ዝም ይላል፣ ሕዝቡ ግጥሙን ከአፉ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለቱ በአፍሪካ ስላለው ችግር በቴሌቪዥን አይተው የጻፉት «ኢዝ ዚስ ዘ ወርልድ ዊ ክሪኤትድ» የተሰኘው ዘፈን ነው፤ ላይቭ ኤይድ ላይም አመሻሹ ላይ ተመልሰው የዘፈኑት እሱኑ ነው። ምስል የለም፣ ንግግር የለም፤ አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ። ወንድም ጋሼ እዚህ ላይ «ይህን ሳይቆርጡ መተዋቸው ጥሩ አደረጉ» አለ። ይህን ዘፈን ያለ ምንም መከላከያ እሰማዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ሳስበው፣ ማንንም ጣቱን ጠቁሞ ስለማያሳይ ይመስለኛል። የተራበው ልጅ የየት አገር እንደሆነ አይነገርም፤ ጥያቄው ለሚሰማው ሁሉ የቀረበ ነው።

መርኩሪ በዚሁ ምሽት ባንዱ ሊበተን ነው የሚለውን ወሬ አንሥቶ እስክንሞት ድረስ አብረን ነን ብሎ ለሕዝቡ ይናገራል። ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1986 በኔብዎርዝ የተጫወቱት ከእሱ ጋር ያደረጉት የመጨረሻ ኮንሰርት ሆነ፤ እሱም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1991 በ45 ዓመቱ በኤድስ ምክንያት ዐረፈ። በእኛም ሰፈር በእነዚያ ዓመታት ስንቱን ወጣት በዚሁ ሕመም ቀብረናል፤ የብዙዎቹ ሕመም በስሙ ሳይጠራ። መርኩሪ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት በስሙ ጠርቶታል። የተወለደው ከእኛ እምብዛም በማይርቀው በዛንዚባር መሆኑን ለወንድሜ ልጅ ስነግረው ማመን አቅቶት በስልኩ ላይ ፈልጎ አረጋገጠ።

ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሮክ የሚያውቀው በጃኖ ባንድ በኩል ነው፣ ይህም መጥፎ መግቢያ አይደለም። ዛሬ እስከ መጨረሻው አብሮን ተቀመጠ። መርኩሪ በካባና በዘውድ ሆኖ ሲወጣ ሳቀ፣ ዘውዱን አውልቆ ወደ ሕዝቡ ከፍ ሲያደርግ ግን መሳቁን ተወ። ከዚያ «አክስቴ፣ ጓደኛዬን ላሳየው ብፈልግ ከየት ልጀምርለት?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቱ ከመጀመሪያው አለ። እኔ ግን ከቅብብሉ እንዲጀምርለት፣ ከዚያ ወደ «ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ» እንዲያልፍ፣ «ራዲዮ ጋጋን» ደግሞ በሄድፎን ሳይሆን በስፒከር እንዲያሰማው ነገርኩት። በማግስቱ ከወደደው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው እትም ከዚህ ምሽት አንድ ቀን በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ የተጫወቱትንም ሙሉ ትርኢት ይዟልና፣ ሁለቱን ምሽቶች አስተያይቶ መርኩሪ በየትኛው ላይ ድምፁን ይበልጥ እንደቆጠበ ይንገረኝ።