እጅ የሚነክሰው አፍ

ሮም የገባሁት «ሮማን ሆሊደይ»ን ስልኬ ላይ ጭኜ ነው። ዊልያም ዋይለር ይህን ፊልም ለፓራማውንት የፊልም ኩባንያ የቀረጸው በ1952 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1953 ለዕይታ በቃ። ዋይለር እዚሁ ከተማ ውስጥ ካልሆነ አልቀርጽም ብሎ ስለነበር፣ የፊልሙን ቦታዎች ዛሬም በእግር መዞር ይቻላል።

ታሪኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በውሸት የተገመደ ነው። ፕሮቶኮል ያንገሸገሻት ልዕልት አን፣ ማለትም ኦድሪ ሄፕበርን፣ በሌሊት ከኤምባሲ ትጠፋለች። ጋዜጠኛው ጆ ብራድሊ፣ ግሪጎሪ ፔክ፣ መንገድ ላይ ያገኛታል። እሷ ከትምህርት ቤት የጠፋሁ ተማሪ ነኝ ትላለች፤ እሱ ደግሞ ማዳበሪያ እሸጣለሁ ይላል።

መጀመሪያ የሄድኩት ቪያ ማርጉታ ቁጥር 51 ነው። በፊልሙ ኪራይ የተጠራቀመበት ጆ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ዛሬ ግን ሰፈሩን ጋዜጠኛ ቀርቶ አለቃውም የሚችለው አይመስለኝም። ልዕልቷ ጄላቶ የላሰችበት የስፔን ደረጃ ላይ ከ2019 ወዲህ መቀመጥ ክልክል ነው። ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። እኔም ጄላቶዬን ቆሜ ጨረስኩ።

ከሁሉ በላይ የጓጓሁት ግን ለቦካ ዴላ ቬሪታ፣ ለ«እውነት አፍ» ነበር። በሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ የቆመ ክብ የእብነ በረድ ፊት ነው፤ ዋሽቶ እጁን አፉ ውስጥ የሚከተውን ሰው ይነክሳል ይባላል። ፔክ እጁን ከትቶ ሲያወጣ መዳፉን እጅጌው ውስጥ ይደብቃል፣ ሄፕበርንም ትጮኻለች። ነገሩ ስላልተነገራት ጩኸቷ የእውነት ነበር።

ሰልፉ ረጅም ስለነበር ስለ ሌላ ውሸት ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። የታሪኩ ደራሲ ዳልተን ትራምቦ በኮሙኒስትነት ምክንያት ከሆሊዉድ ሥራ ታግዶ ስለነበር ስሙ ፊልሙ ላይ አልሰፈረም። ወዳጁ ኢያን ማክሌላን ሀንተር ስሙን አዋሰው፤ ኦስካሩም ለሀንተር ተሰጠ። አካዳሚው ሽልማቱን በትራምቦ ስም ለሚስቱ ያስረከበው በ1993 ነው፣ ሰውየው ካረፈ ከ17 ዓመት በኋላ።

ተራዬ ደርሶ እጄን ከተትኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ከኋላዬ ያሉት ገፉኝ፤ አለቀ። ከዚያ የጥንቱን የሠረገላ ውድድር ሜዳ፣ ሰርከስ ማክሲመስን፣ ታክኬ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወጣሁ። ሩብ ሰዓት ገደማ ቢያስኬድ ነው። አብዛኛው የፊልሙ አፍቃሪ እዚህ ምንም የሚያየው የለም፤ ለእኛ ግን አለ። ሙሶሊኒ በ1937 ያስመጣው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚሁ፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ በ1947ቱ የሰላም ውል ፈርማለች። ፔክ መዳፉን እጅጌው ውስጥ ሲደብቅ ቀነ ገደቡ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ያ የእብነ በረድ አፍ በእርግጥ የሚነክስ ቢሆን ኖሮ፣ ስንቱ ባለሥልጣን በአንድ እጁ በቀረ!

ሐውልቱ በ2003 ተነቅሎ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ቆሞ ተመረቀ። አሁን በአካባቢው ያሉት ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች የመስከረም 11ቱ የአሜሪካ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ ናቸው። ኦድሪ ሄፕበርን ራሷ በ1988 ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነው፤ መቀሌ ድረስ ዘልቃለች። ያኔም ሐውልቱ ሮም ነበር።

ነገ ቅዳሜ ጠዋት የፓላዞ ኮሎና አዳራሽ ለጎብኚ ክፍት ነው። የመጨረሻው የጋዜጣዊ መግለጫ ትዕይንት የተቀረጸው እዚያ ነው፤ ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ሁለቱ በሰው ፊት፣ በፕሮቶኮል ቋንቋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን የሚነጋገሩበት። ቲኬቴን ቆርጫለሁ።