ዳይሜቲኮንን የተረዳሁት ጸጉሬ ውኃ እምቢ ሲል ነው

ሹሩባዬን ፈትቼ ጸጉሬን ለማርጠብ ውኃ ስረጭበት፣ ጠብታዎቹ ወደ ውስጥ በመስረግ ፈንታ እንደ ዶቃ እየተንከባለሉ ትከሻዬ ላይ ወረዱ። አረፋው የበዛ ሻምፑ ጸጉር ያደርቃል የሚለውን ምክር ተቀብዬ፣ ለአንድ ዓመት ያህል በኮንዲሽነር ብቻ ስታጠብና ከመሠራቴ በፊት ሴረም የሚባለውን የጸጉር ማለስለሻ ፈሳሽ ስቀባ ቆይቻለሁ። ጸጉሬ ሲያዩት ያብለጨልጫል፤ ሲዳስሱት ግን እንደ ገለባ ነው። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ለጋ ቅቤ ትተሽ የላስቲክ ነገር ስትቀቢ ሌላ ምን ይመጣል ብለሽ ነው?» አለችኝ።

ስቄ ባልፈውም፣ የሴረሙን ጠርሙስ ገልብጬ ሳነብ ብዙም እንዳልተሳሳተች ገባኝ። በመለያው ላይ ግብዓቶች የሚዘረዘሩት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ሲሆን፣ በቅድሚያ የተጻፈው ሳይክሎፔንታሲሎክሴን፣ ቀጥሎ ዳይሜቲኮን ነበር። የመጀመሪያው ሁለተኛውን በጸጉሩ ላይ እኩል ካዳረሰ በኋላ ይተናል፤ ዳይሜቲኮን ግን ይቀራል። ይህ በፋብሪካ የሚሠራ አለስላሽ ሲሊኮን ከሚባሉት ውሕዶች አንዱ ሲሆን፣ ሲሊከንና ኦክስጅን የተባሉት ንጥረ ነገሮች እየተፈራረቁ የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በሲሊከኖቹ ላይ ያሉት ሜቲል የሚባሉ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቡድኖች ውኃን ስለሚገፉ በውኃ አይሟሟም። የጸጉርን ቅርፊቶች በስስ ሽፋን ስለሚያለብሳቸው፣ ማበጠሪያው የሚንሸራተተውም ብርሃን የሚንጸባረቀውም በዚሁ ሽፋን ላይ ነው። የሲሊኮን ላስቲክም የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ሰንሰለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታጥበው በሚለቁ መዋቢያዎች ውስጥ የሳይክሎፔንታሲሎክሴን መጠን ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆን መደንገጉን ሳነብ፣ ዳይሜቲኮንን ጨምሮ ሲሊኮን ሁሉ የተከለከለ መስሎኝ ጠርሙሱን ልጥል ነበር። ድንጋጌው ግን የወጣው ንጥረ ነገሩ በውኃ አካላት ውስጥ ሳይበሰብስ ስለሚቆይ እንጂ ጸጉር ስለሚጎዳ አይደለም፤ ዳይሜቲኮንንም አይመለከትም።

ስለዚህ ራሴ መሞከርን መረጥሁ። በመስታወት ሳሕን ላይ አንድ ጠብታ ሴረም በጣቴ አሸሁና ውኃ አንጠባጠብሁበት፤ ዶቃ ሠራ። በንጹሕ ውኃ ባጥበውም፣ በኮንዲሽነር ባሸውም ዶቃው አልጠፋም። ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት የሚባለው አረፋ የሚያበዛ አጣቢ ባለው ተራ ሻምፑ ሁለት ጊዜ ሳጥበው ግን ውኃው በሳሕኑ ላይ ተዘርግቶ ፈሰሰ። ያደረቀኝ ዳይሜቲኮኑ ሳይሆን ሳላስለቅቀው በላዩ ላይ መደራረቤ ነበር። ቅቤም ቢሆን ከውኃ ጋር አይስማማም፤ ነገር ግን ሲሰነብት ሽታው ራሱ «እጠቢኝ» ይላል። ዳይሜቲኮን አይሻግትም፣ አይሸትም፤ ስለዚህ ማንም አያስታውስሽም።

አሁን ሴረሙን የምቀባው በጫፎቹ ላይ ብቻ፣ ሁለት ጠብታ፣ ጸጉሬ እርጥብ ሳለ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱም ሰልፌት ባለው ሻምፑ አስለቅቀዋለሁ። ኮንዲሽነር ስገዛ ደግሞ ፔግ 12 ዳይሜቲኮን የሚል ካገኘሁ እመርጣለሁ፤ በሰንሰለቱ ላይ ውኃ ወዳድ ክፍል ስለተጨመረበት በቀላሉ ይታጠባል።

እናቴ አሁንም ከቅቤዋ ንቅንቅ አላለችም። ባለፈው ሳምንት ለሆድ መነፋት የምታኝከውን ክኒን ሣጥን አንሥቼ ሳነብ ሲሜቲኮን ይላል፤ ይህም ከሲሊካ ጋር የተዋሐደ ዳይሜቲኮን ነው። የላስቲክ ነገር እየበላች መሆኗን እስካሁን አልነገርኋትም።