ለእማዬ ዓይን የትኛው ሌንስ?

ውጭ ያለን ልጆች ወላጅ ሲታመም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ይበቃል?» ብለን ነው። እማዬ የዓይን ሞራ እንዳለባትና ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ሲነገረንም እንደዚያው ሆነ። ካልጋሪ ያለው ወንድሜ «ካለው ሁሉ ውዱ ሌንስ ይግባላት፣ እኔ እችለዋለሁ» አለ። ስቱትጋርት ያለችው እህቴ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል ስለሚባለው መልቲፎካል ሌንስ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ደራርባ ላከች። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምሠራበት ቦታ ፈቃድ አግኝቼ ስለነበር፣ ከእማዬ ጋር ሐኪም ፊት የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። ይህን የምጽፈው እንደኛው በስልክ ተሰብስበው የእናት የአባታቸውን ሌንስ ለሚመርጡ ቤተሰቦች ነው።

እማዬ የምትኖረው የካ አባዶ ነው፤ ከተማው ወደ ለገጣፎ በሚያልቅበት በኩል። ጎረቤቶቿ ቡና ላይ «ገና አልበሰለም፣ ይብሰልና ትሠራዋለች» ይሏታል። እሷም አምናቸው ቆይታለች። በድሮው የኦፕራሲዮን ዘዴ እውነትም ሞራው እስኪጠና ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ግን የሚታየው ኑሮዋ ነው። ዳዊቷን ማንበብ ካቃታት፣ ደረጃው ካሳሳታት፣ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። በጣም የጠና ሞራ ለማውጣትም ይከብዳል። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። በኦፕራሲዮን ሊድን የሚችል ነገር ነው። ይህን ሳስብ «ይብሰል» የሚለው ቃል ያናድደኛል።

ሞራ ዓይን ላይ የበቀለ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። «ይገፈፋል» የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስንወለድ ጀምሮ ዓይናችን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ በዕድሜ ይደፈርሳል። ሐኪሙ የደፈረሰውን ያወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ያ ሌንስ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል። እንደ መነጽር በየጊዜው አይቀየርም። ምርጫው ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እማዬን ያስፈራት «ፕላስቲክ ዓይኔ ውስጥ?» የሚለው ነበር። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች መስኮት አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። ሲሰባበር ስብርባሪው አብራሪዎቹ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የዓይን ሐኪም ዓይን በዚያ ስብርባሪ እንደማይቆጣ አስተዋለ። በፈረንጆቹ 1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ ያስገባው ከዚያ ተነስቶ ነው። እማዬ ሰምታ ስታበቃ «እግዚአብሔር ከጦርነትም መድኃኒት ያወጣል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ፕላስቲኩ አላነሳችም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው ሁላችንም ያልጠበቅነው። ሐኪሙ ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት «እማማ፣ ቀንዎን ምን እየሠሩ ነው የሚያሳልፉት?» አላት።

እማዬም ተናገረች። ጎህ ሳይቀድ ዳዊት ትደግማለች። ምስር ትለቅማለች። ጥጥ ትፈትላለች፤ እንዝርቷን አሁንም አልተወችም። ቴሌቪዥን ብዙም አታይም። ከቤት የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለለቅሶ ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እየሰማሁ፣ የእናቴ ቀን ከክንዷ ርዝመት ብዙም እንደማይርቅ ያኔ ታየኝ።

ሐኪሙ የድሮ መነጽሯን ጠየቀ። ይዘን ነበር፣ ደግነቱ። ሞራ ራሱ አንዳንዴ ሰውን ቅርብ ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል፤ መነጽሩ ግን ከሞራው በፊት የታዘዘ የሩቅ መነጽር ነው። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ቅርብ አጥርታ የምታይ፣ ሩቁ የሚደበዝዝባት ሰው ናት። መንገድ ላይ ሰላም አትለንም እያሉ ይቀየሟት የነበረው በዚህ ነው። እኩዮቿ የንባብ መነጽር ሲፈልጉ እሷ ያለ መነጽር ታነባለች።

ሞኖፎካል የሚባለው ሌንስ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ያጠራል። አብዛኛው ሰው ለሩቅ ያስደርገውና ለንባብ መነጽር ያደርጋል። ግን ለቅርብም ማድረግ ይቻላል፤ ይህን እኔ አላውቅም ነበር። መልቲፎካል ደግሞ ብርሃኑን ከፋፍሎ ሩቁንም ቅርቡንም ለማሳየት ይሞክራል። ብዙዎች ደስተኛ ይሆኑበታል። ዋጋው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማታ በመብራት ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ሊያሳይ ይችላል፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ደግሞ ነገሮችን ከአካባቢያቸው ለይቶ ማየት ይከብዳል። መብራት በሚጠፋበት ቤት በሻማ ዳዊት ለምትደግም ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ወይም በስኳር በሽታ የተነካ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) ላለው ሰው ደግሞ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አይመክሩትም።

ሌላም አማራጭ አለ፤ አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ። ሐኪሙ ለእማዬ አልወደደውም። እንዲህ ሲሆን ርቀትን መገመት ይከብዳል፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ በየቀኑ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው አደጋ አለው። ቶሪክ የሚባለው ደግሞ የዓይን ፊቱ እኩል ላልሆነ፣ አስቲግማቲዝም ላለበት ሰው ነው። የእሷ ትንሽ ስለሆነ አላስፈለጋትም።

የዚያን ዕለት ማታ ዳዊቷን እንደ ልማዷ እንድትይዘው አድርጌ በሜትር ለካሁት። ወደ 40 ሳንቲሜትር ነው። በሐኪም ቋንቋ፣ በመነጽር ቁጥር፣ ይህ ኔጌቲቭ 2.5 አካባቢ ነው። ሌንሱ ለዚያ ርቀት ከተመረጠ ዳዊቱም፣ ምስሩም ያለ መነጽር ይጠሩላታል። ለመንገድ ብቻ እንደ ድሮዋ መነጽር ታደርጋለች።

ቴሌግራም ላይ ስነግራቸው ወንድሜ ተቆጣ። «ይህን ሁሉ ከፍለን ደግሞ መነጽር? ሞኖፎካል እኮ የደሃ ሌንስ ነው» አለ። በዚህ አልተስማማሁም። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለአረጋውያን የሚሸፍነው ሞኖፎካሉን ነው፤ መልቲፎካል የፈለገ ልዩነቱን ከኪሱ ይጨምራል። እዚያም አብዛኛው ሰው የሚገባለት ይኸው ነው። ደግሞም በእይታ ጥራትና በማታ እይታ መልቲፎካሉ አይበልጠውም። እህቴ «ታዲያ ለሩቁ ይሁንላትና ለዳዊቱ መነጽር ትግዛ፣ ሁሉም ሰው እንዲያ ነው» አለች። ደህና ሐሳብ ነው። ለብዙ ሰው ትክክልም ነው።

የመለሰችላቸው እማዬ ራሷ ናት። ስልኩን ተቀብላኝ በድምፅ ላከችላቸው። «ልጆቼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ መኪና አልነዳ። ሌሊት ተነስቼ መነጽር ስፈልግ ከማድር፣ መንገድ ስወጣ ባደርገው ይሻለኛል።» ከዚያ በኋላ ቴሌግራሙ ፀጥ አለ። በኋላ ወንድሜ «እሺ እማዬ» ብሎ ጻፈ።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ቶሎ ነው ያለቀው። በጣም የከበደው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ጠብታው በሰዓቱ መግባት አለበት፤ ስልኬ ላይ ማንቂያ ሞላሁ። ዓይን አይታሽም፣ ውኃ አይነካውም፣ ጭስ አይጠጋውም። ቡና ሲፈላ ሌላ ክፍል አስቀመጥናት፤ ይህ ከሁሉ በላይ አስከፋት። ማጎንበስ ስለተከለከለች ስግደቱ አሳሰባት። የንስሐ አባቷን ጠየቅን፤ ቆማ እንድትጸልይ ፈቀዱላት። ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢጨርስ ጥሩ ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከእናት ጋር ስለ ስግደት መከራከር አይቻልም።

አሁን በተሠራው ዓይኗ ዳዊቱን ታነባለች። ክሩ ሲቀጥን ታየዋለች። ነጭ ነገር እንዲህ ነጭ መሆኑን እንደረሳችው ነግራኛለች፤ ነጠላዋን ገልብጣ ገላልጣ አየችው። የሩቅ መነጽሯ የሚታዘዘው ዓይኑ ሲረጋጋ ነው፤ እስከዚያ ደረጃውን ክንዷን ይዘን እናወርዳታለን።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታዋ እንደገና ቢደበዝዝ «ሞራው ተመለሰ» ብላችሁ አትደንግጡ። ሞራ አይመለስም። ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን ሊደበዝዝ ይችላል፤ እሱ በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ይከፈታል። የሌንሱ ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ግን ከክሊኒኩ መቀበል አትርሱ። የእማዬን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለሁላችንም ልኬያለሁ። ግራ ዓይኗ ሲሠራ እኔ አልኖርም፤ ወንድሜ ነው የሚመጣው፣ ቁጥሩንም አሁን በቃሉ ይዞታል።