ልጆችና እናቴን ይዤ እንግሊዝ ገጠር ቢ ኤንድ ቢ ያደርንበት

ለንደን ያላችሁ ወላጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ የት እንሂድ ብላችሁ ከጨነቃችሁ፣ እኛ ነሐሴ ላይ ቦርተን ኦን ዘ ዋተር ሄደን ነበር፣ ኮትስዎልድስ የሚባለው አገር ውስጥ ያለች መንደር ናት። ያረፍነው ቢ ኤንድ ቢ ነው፣ ያው የሰው ቤት በሉት፣ ባለቤቶቹ እዛው ይኖራሉ ቁርሱንም ራሳቸው ናቸው የሚሰሩት።

ታዲያ የሰው ቤት ስለሆነ ትንሽ ልጅ አንቀበልም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ፎቶ አይታችሁ ብቻ እንዳትከፍሉ። እኔ ቀጥታ ደወልኩ። ፋሚሊ ሩም አለ ወይ፣ የሕፃን አልጋ አላችሁ ወይ፣ ደረጃውስ እንዴት ነው? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ የድሮ ቤት ደረጃ ደግሞ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ያገኘነው ስለጠየቅን ነው።

ዋናው ወሬ ግን ቁርሱ ነው። ፉል ኢንግሊሽ የሚሉት ቤከኑም ቋሊማውም የአሳማ ነው፣ ብላክ ፑዲንግ ደግሞ የአሳማ ደም (እማዬ ስትሰማ አማተበች)። ፍልሰታ ሁሌም ከልጆቹ እረፍት ጋር ስለሚገጥም ይሄን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የጾም ሥርዓት ማብራራት ውስጥ አትግቡ፣ ቪጋን በሏቸው አለቀ። ባቄላ፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይ፣ ሃሽ ብራውን (የተፈቀፈቀ ድንች ጥብስ) ይመጣል፣ ግን እንጉዳዩን በቅቤ መጥበስ ይወዳሉ በዘይት ይሁንልኝ በሉ። እማዬ ደሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም፣ ቁርስ የሚያበቃው ሦስት ተኩል ላይ ነው! ለሴትዮዋ ስነግራት ምንም አላካበደችም፣ ሳህኑን በፎይል ሸፍና ፍሪጅ ከተተችው፣ ስትመለሱ አሞቅላታለሁ አለች። ሌሎቹ እንግዶች ግን እማዬ ባዶ ጠረጴዛ ይዛ ስትቀመጥ ያመማት መስሏቸው ደህና ነሽ ወይ ሲሏት ነበር።

መንደሩ ውስጥ ዊንድረሽ የሚባል ወንዝ አለ፣ መሀል ለመሀል ነው የሚያልፈው፣ ጥልቀት ስለሌለው ልጆቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡበት (ቅያሪ ልብስ ያዙ)። ሞዴል ቪሌጅም አለ፣ በ1937 የተከፈተ፣ መንደሩን ራሱን ዘጠኝ ጊዜ አሳንሰው በድንጋይ የሰሩት፣ ውስጡ ደግሞ የሞዴሉ ሞዴል አለ፣ ትልቁ ልጄ ከዛ አልነሳም ብሎ አስቸገረን። ቀን ላይ በቱሪስት ይጨናነቃል እውነት ለመናገር መራመጃ የለም፣ አመሻሽ ላይ የቀን ጎብኚው ሲሄድ ግን ሌላ አገር ነው የሚሆነው፣ ማደሩ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

መኪና የለንም። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ሞርተን ኢን ማርሽ በባቡር፣ ከዛ 801 አውቶቡስ። ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬልካርድ የሚባለው የባቡር ቅናሽ ካርድ ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች 60 ፐርሰንት፣ ለአዋቂ ደግሞ ሲሶውን ይቀንሳል፣ ከ5 በታች በነፃ ነው። የአውቶቡሱን ሰዓት ግን ቀድማችሁ እዩ፣ ማታ እንደ ለንደን እየተመላለሰ አይጠብቃችሁም።

እራት እዛ ቤት የለም። ፐብ ልጅ ቢያስገባም ኩሽናው በጊዜ ይዘጋል፣ በዛ ላይ የጾም ምግብ ያው ቺፕስ ነው፣ እኛ ክፍል ውስጥ ኬትል ስላለ በሶም ኑድልም ይዘን ነበር። በመውጫችን ቀን ክፍሉን አራት ሰዓት ላይ ብናስረክብም ሻንጣችንን እስከ ከሰዓት አስቀመጡልን፣ ሒሳብ አልጠየቁም።