ከደብረ ብርሃን ቁልቁል፦ የእሳት ወለድ አለት መንገድ

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ያለው አስፋልት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከ2,800 ሜትር ግድም ተነስተን ጣርማ በር ላይ 3,000ን አልፈን፣ ከዚያ ወደ 1,300 ሜትር ግድም እንወርዳለን። እሳተ ገሞራ ለማየት አፋር መውረድ ግዴታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኤርታሌ ላይ የሚታየው ግን የላይኛው ገጽ ብቻ ነው። ላቫ ከበረደ በኋላ ውስጡ ምን እንደሚመስል፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዴት እንደተደራረበ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር እንዴት እንደጠበሰ የሚያሳየው እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንገድ ሠሪው የቆረጠው ገደል ነው።

ጉዞው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ጣርማ በር ላይ ጉሙ አሥር እርምጃ አያሳይም፤ ከባድ መኪና ደግሞ ሌት ተቀን አይቋረጥም። የያዝነው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ ኪሎ የማይሞላ መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ፣ ቢላዋ፣ በክር የታሰረ ትንሽ ማግኔት፣ በብልቃጥ ኮምጣጤ፣ የኩሽና ሚዛን። መነጽሩን ንቆ መተው አይገባም፤ ባሳልት፣ ማለትም ከላቫ የረጋው ጥቁር ከባድ ድንጋይ፣ ሲመታ ፍንጣሪው እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ከደብረ ብርሃን ሳንርቅ የመጀመሪያው ማቆሚያችን ፈካ ያለ ግራጫ ድንጋይ የወጣበት ቦታ ነው። ግንበኛ የሚወደው ዓይነት ነው፤ በመሮ ይታዘዛል፣ ማዕዘን ይይዛል። በማጉያ ስናየው የተሰበሩ ነጫጭ ማዕድኖች፣ ጥቃቅን የሌላ ድንጋይ ስብርባሪዎች፣ እንዲሁም ተደፍጥጠው ቀጭን መስመር የሆኑ የመስታወት ምላሶች ይታያሉ። ይህ ኢግኒምብራይት ነው። ከላቫ የመጣ አይደለም፤ ከአመድ፣ ከፑሚስ (ቀዳዳማና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና ከጋዝ ተደባልቆ በመሬት ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የጋለበ ትኩስ ደመና ሲያርፍ የተሠራ ነው። ሲያርፍ እጅግ ትኩስ ስለነበረ ፑሚሱ ከላይ በተጫነው ክብደት ተጨፍልቆ እርስ በርሱ ተበየደ። የመስታወቱ ምላሶች ሁሉ ወደ አንድ ገጽ የተኙት ለዚህ ነው። ቋጥኙ የት በኩል ሆኖ እንዳረፈ የሚያውቅ ሰው፣ ተንከባሎ የመጣውን ድንጋይ በቦታው ካለው የሚለይበት አንዱ ዘዴ ይህ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው የድንጋዩን ቆዳ አይቶ ስም በመስጠቱ ነው። ባሳልት ለብዙ ዘመን ዝናብና ፀሐይ ሲመታው ቡናማ፣ አንዳንዴም ነጣ ያለ ቅርፊት ያወጣል፤ ኢግኒምብራይትም በድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ ጠቁሮ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሳይሰበር ስም አይሰጠውም። ከተሰበረ በኋላ ማግኔቱን በክር አንጠልጥሎ ማስጠጋት ነው፤ ባሳልት ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስለያዘ ማግኔቱን በግልጽ ይስበዋል። በዚሁ ምክንያት ባሳልት ላይ ቆሞ ኮምፓስ ማንበብ ያሳስታል፤ የስልኩም ኮምፓስ እንደዚያው። አቅጣጫ የምንወስደው ከድንጋዩ ራቅ ብለን፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ አንብበን ነው።

ጥርጣሬ ከቀረ ክብደቱ ይፈርዳል። የጡጫ ያህል ድንጋይ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይነከራል፤ አለዚያ ቀዳዳው አየር ይዞ ልኩን ያበላሸዋል። ከዚያ በአየር ይመዘናል፣ በክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ደግሞ ይመዘናል። በአየር 600 ግራም፣ በውኃ ውስጥ 395 ግራም ከሆነ ልዩነቱ 205 ነው፤ 600 ለ205 ሲካፈል 2.9 ይመጣል። ጥቅጥቅ ያለ ባሳልት ከ2.8 እስከ 3.0 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ኢግኒምብራይት ብዙውን ጊዜ ከ2.4 አይበልጥም።

ጣርማ በር መገንጠያ ላይ ወደ መንዝ የሚሄደውን መንገድ ይዘን ወደ መዘዞ ታጠፍን። ይህ አካባቢ ኦፓል በሚባለው የጌጥ ድንጋይ ስሙ የወጣ ነው። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ቸኮላት መልክ ያለው የመዘዞ ኦፓል ወደ ውጭ ገበያ መውጣት የጀመረ ሲሆን፣ የወሎው የወገል ጤና ኦፓል የታወቀው ከእሱ በኋላ ነው። ኦፓል በቀጥታ ከእሳት የወጣ ድንጋይ አይደለም። በሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) የበለጸገው፣ ራዮላይት የሚባለው ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ቀስ በቀስ ሲበሰብስ የከርሰ ምድር ውኃ ሲሊካውን ያሟሟዋል፤ ውኃው በአለቱ ውስጥ ያሉ ኳስ መሳይ ክፍተቶች ላይ ሲደርስ ሲሊካው በጥቃቅን ድብልብሎች እየዘቀጠ ይረጋል። ድብልብሎቹ እኩል መጠን ይዘው በረድፍ ሲደረደሩ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ያ ነው ቀለም የሚጫወተው። ሳይደረደሩ ከረጉ ድንጋዩ ያው ደብዛዛ ነው፤ ከሚቆፈረው አብዛኛውም እንዲህ ያለው ነው።

ለገዢ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ኦፓል በውስጡ ውኃ አለው፤ ከጉድጓድ እንደወጣ ደረቅ አየር ሲያገኘው ቆዳው ይጨማደድና እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። የመዘዞው በዚህ ይታማል። ሻጩ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ካሳየ መጠርጠር ደግ ነው፤ ድንጋዩ ከውኃ ወጥቶ በጥላ ቦታ ሳምንታት ቆይቶ ካልተሰነጠቀ ያን ጊዜ ዋጋ ይወራል። ቁፋሮው ግን ከሁሉም የከፋው ጎን ነው፦ ኦፓል ያለበት የአመድ ንብብር ልል ነው፤ ከላዩ የተቀመጠው ግን ከባድ አለት ነው። ያለ ድጋፍ እንጨት ሸለቆው ጎን ላይ አግድም የሚቦረቦር ጉድጓድ የመደርመሱ ምክንያት ይኸው የልልና የጠንካራ መደራረብ ነው።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰን ከጣርማ በር ዋሻ በፊት ቆምን። ጣሊያን ያስቆፈረው ይህ ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ የተፈለፈለበትም አለት ጂኦሎጂስቶች «ጣርማ በር» ብለው በዚሁ ቦታ ስም የሰየሙት ባሳልት ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተዘረጋው ዋናው የባሳልት ክምር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በጂኦሎጂ አቆጣጠር በአጭር ጊዜ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ በአንዳንድ ሥፍራ ውፍረቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንደ መገዘዝ ያሉ ተራሮች ግን ከዚያ በጣም ዘግይተው፣ ከዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በራሳቸው አፍ ተፍተው የቆሙ ሰፋፊ እሳተ ገሞራዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ቅልጥ አለት ከየት መጣ? ከእግራችን ሥር የእሳት ባሕር አለ የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። ከመሬት ቅርፊት በታች ያለው ማንትል በጣም ይግላል እንጂ ጠጣር ነው፤ ከላዩ ያለው ጫና ስለሚጭነው አይቀልጥም። ከጥልቅ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን ብዙም አይቀንስም። ያኔ ሙቀት ሳይጨመርበት መቅለጥ ይጀምራል። የሚቀልጠውም ሁሉም አይደለም፤ ከመቶው ጥቂት ወይም አሥር ሃያ እጅ ብቻ ነው። ይህ ቅላጭ ከቀሪው ጠጣር ስለሚቀል በየቀዳዳው እየተጠራቀመ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲፈስ ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሲሊካው ግማሽ ያህል በመሆኑ እንደልብ ይፈሳል፤ ጋዙም በቀላሉ ስለሚያመልጥ ብዙውን ጊዜ ያለ ከባድ ፍንዳታ ይዘረጋል። በመንገዱ ላይ ቅርፊት ውስጥ ከታገደ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የሚባሉት ማዕድኖች ቀድመው ይረጉና ይወርዳሉ፤ የሚቀረው ፈሳሽ ሲሊካው ከመቶ ሰባ እየደረሰ፣ እየወፈረ፣ ጋዙን አፍኖ ይይዛል። ወደ ላይ ሲጠጋ ጫናው ሲላላ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይነፋና ቅላጩን ይበጣጥሰዋል። ጠዋት ያየነው ኢግኒምብራይት ከዚህ ወገን ነው። አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ ይሁን እንጂ የዘር ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል።

ከዋሻው በታች ባለው ቁልቁል ላይ ገደሉ ሲታይ ደረጃ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፍሰት ነው። አንዱን ፍሰት ከሌላው ለመለየት ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይሻላል። ሥሩ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ጡብ የመሰለ ስስ ንብብር አለ፤ ይህ ቀድሞ በፈሰሰው ላቫ ላይ የበቀለ አፈር ነበር፣ አዲሱ ፍሰት መጥቶ ጠበሰው። የቀዩ አፈር ውፍረት በሁለቱ ፍሰቶች መካከል ያለፈውን ጊዜ ይጠቁማል፤ አፈር በአንድ ክረምት አይሠራምና። ከቀዩ በላይ ጥቅጥቅ ያለው የፍሰቱ ሆድ ይመጣል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጋዝ ያመለጠበት ቀዳዳ ይበዛል። የወፍጮ ድንጋይ የሚፈልገው ሸካራነት የሚገኘው ከዚህ ቀዳዳማ ክፍል ነው፤ ሲበላም በየጊዜው ስለሚወቀር ሸካራነቱ ይታደሳል።

በአንዳንዱ ገደል ላይ ሆዱ በማዕዘናዊ ዓምዶች ተከፋፍሎ ይታያል። መሠረቱ ቀላል ነው፤ መረሬ መሬት በበጋ ሲደርቅ በየአቅጣጫው እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ የረጋ ላቫም ሲበርድ ይኮማተራል። ስንጥቁ የላቫው ሙቀት ወደ 900 ዲግሪ ሲወርድ ይጀምርና ሙቀቱ እየሸሸ ሲሄድ ተከትሎት ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዓምዶቹ ሁልጊዜ በበረደው ገጽ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ፍሰቱ በሜዳ ከተኛ ዓምዱ ቀጥ ይላል፤ ሸለቆ ሞልቶ ከሆነ ከሸለቆው ግድግዳ አጠገብ ያሉት ያዘነብላሉ፣ አንዳንዴም አግድም ይተኛሉ። ወፍራም ዓምድ ዝግ ብሎ የበረደ፣ ቀጭን ደግሞ ፈጥኖ የበረደ ነው። ስንት ጊዜ እንደፈጀ ማስላት የሚፈልግ ደግሞ ከሃዋይ የላቫ ሐይቅ ልኬት የተገኘ ሕግ አለው፦ አንድ ሜትር ቅርፊት ለመሥራት ሳምንት ያህል፣ አሥር ሜትር ለመሥራት ሁለት ዓመት ገደማ። ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ሁሉም ዓምድ ባለ ስድስት ጎን ነው የሚባለው ደግሞ ልማድ ነው፤ ቆጥረን ብናይ አምስትና ሰባት ጎን ያላቸው ብዙ ናቸው።

በቀዳዳዎቹ ውስጥ የተሞላውን ነጭ ማዕድን መለየት ለጀማሪ ያስቸግራል። ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው፤ አለቱ በቢላዋ ተፍቆ ዱቄት ከሆነ አረፋው በደንብ ይታያል። አረፋ ሳያወጣ ቢላዋው ከጫረው ዚዮላይት መሆኑ አይቀርም። ቢላዋው ከተንሸራተተና ብረቱ ድንጋዩ ላይ ከቀረ ካልሲዶኒ የሚባለው ጠንካራ የሲሊካ ድንጋይ ነው።

ደብረ ሲና ዙሪያ ያለው ተዳፋት ለዓይን የሚያምረውን ያህል የሚያስፈራም ነው። ጠንካራው ባሳልት በበሰበሰ አመድና በሸክላ ንብብር ላይ ተቀምጧል፤ ስንጥቁ የክረምቱን ውኃ ያወርደዋል፣ ሸክላው ውኃውን ይይዝና ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በይዛባ አካባቢ የደረሰው ትልቅ የመሬት መንሸራተት የዚህ ዓይነት ነበር። ዛፍ ግንዱ ከሥሩ ታጥፎ ወደ ላይ ቀጥ ያለበትን፣ ያለ ወንዝ የረጠበ መሬትን፣ ቁልቁሉን የሚያቋርጥ አዲስ ስንጥቅን አይተን ከሥሩ መኪና አናቆምም። በዝናብ ማግሥት ደግሞ ገደሉ ሥር ጭራሽ አንሠራም።

ከደብረ ሲና ወደ ሮቢት ሲወረድ ፍሰቶቹ ሜዳ ላይ እንደተዘረጉ አይቆዩም፤ በስብራት ተቆራርጠው አንዳንዶቹ አዘንብለዋል። ይህ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ የተከፈተበት ጠርዝ ነው። ስብራቱ ዛሬም አልተኛም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ለወራት የቆየውን መንቀጥቀጥ ደግሞ አንኮበርም አዲስ አበባም ሰምተውታል፤ የሳተላይት ራዳር እንዳሳየው ቅልጥ አለት ከምድር ሥር በቁም ስንጥቅ ሰርጎ መሬቱን ገፍቶት ነበር፣ ወደ ላይ ግን አልፈሰሰም። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶፈን አጠገብ የተነሳው እንፋሎትና አቧራ ብዙዎች እሳተ ገሞራ ፈነዳ ያሉት ቢሆንም ላቫ አልወጣበትም። እንዲህ ሰርጎ ከመሬት በታች የሚቀረው ቅላጭ በቀጭን ግድግዳ መልክ ይረጋል። ዝግ ብሎ ስለሚበርድ ማዕድኖቹ ከባሳልት ጎላ ይላሉ፣ አለቱም ዶለራይት ይባላል። ዳርና ዳሩ ግን ቀዝቃዛ አለት ስለነካው ማዕድኑ ደቃቅ ሆኖ ይቀራል። ቁልቁለቱ ላይ እንዲህ ያለ ግድግዳ ፍሰቶቹን ቁም ለቁም ሲያቋርጥ ካየን፣ ከፍሰቶቹ በኋላ የመጣ መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ እናውቃለን።

ሸዋ ሮቢት ላይ ገደሉ ያበቃና ወንዝ ያመጣው ደለል ይጀምራል። የሮቢ ወንዝ ጠጠር ከላይ ያየነውን ሁሉ በአንድ ላይ አምጥቶ ዘርግቶታል፤ ቁጥሩ ግን ከላይ ካለው አለት ጋር አይመጣጠንም። ኢግኒምብራይቱና የበሰበሰው አመድ በመንገድ ተፈጭተው አልቀዋል። ጥቅጥቅ ያለው ባሳልት ክብ ሆኖ በዝቷል፤ ከቀዳዳዎቹ የወጣው ካልሲዶኒ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠንካራ በመሆኑ ጥቂት ቢሆንም ሳይሰበር ደርሷል። ለናሙና የሚሰበስብ ሰው ከወንዙ የሚያነሳውን ከገደሉ ካነሳው ለይቶ ይያዝ፤ በየከረጢቱ ላይ ቦታውንና ከፍታውን ሳይጽፍ ከቀላቀለው የትኛው ፍሰት ከየትኛው በላይ እንደነበር መልሶ ማወቅ አይችልም።